«ግባ» ከተጫነ በኋላ

ሰዓቱ ነው ያሳበቀው።

ልጁ የሠራው የመግቢያ ገጽ ስልክ ቁጥሩ ቢሳሳት፣ ይለፍ ቃሉ ቢሳሳት፣ ሁለቱም ቢሳሳቱ የሚመልሰው አንድ ነው፦ «ስልክ ቁጥር ወይም ይለፍ ቃል ተሳስቷል።» የትኛው እንደተሳሳተ አይናገርም። አስቦበት ነው እንዲህ ያደረገው፤ አዲስ አበባ 22 አካባቢ ባለችው ጠባብ ቢሮ ኮዱን የምታይለት የቡድኑ መሪም እዚህ ቦታ ስትደርስ «ጎበዝ» ብላዋለች። ከዚያ የራሷን ላፕቶፕ ከፈተችና አጭር ስክሪፕት ጻፈች። ስክሪፕቱ አንዴ ያልተመዘገበ ቁጥር፣ አንዴ የተመዘገበ ቁጥር እየቀያየረ፣ ሁሌም ከተሳሳተ ይለፍ ቃል ጋር ይልክና መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ይጽፋል።

ውጤቱ ስክሪኑ ላይ በሁለት ዓምድ ተደረደረ። ላልተመዘገቡት ቁጥሮች መልሱ የሚመጣው በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው። ለተመዘገቡት ግን ሩብ ሰከንድ ያህል ይቆያል።

«መልሱ አንድ ነው እኮ» አለ ልጁ።

«መልሱማ አንድ ነው፤ ጊዜው ነው ሁለት የሆነው» አለችው። «አሁን እኔ የስልክ ቁጥር ዝርዝር ካለኝ ማን እዚህ አካውንት እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ለይቼ አወጣዋለሁ። አንድም ይለፍ ቃል ሳላውቅ።»

የሆነው ይህ ነው። ፎርሙ ሲላክ የልጁ ኮድ በመጀመሪያ ቁጥሩን ዳታቤዝ ውስጥ ይፈልጋል። ካጣው እዚያው «ተሳስቷል» ብሎ ይመልሳል። ካገኘው ግን የተላከውን ይለፍ ቃል ከተቀመጠው ጋር ለማመሳከር፣ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ወደተሠራ ስሌት ይገባል። የግቢ ዘበኛ «እገሌ አለ?» ሲባል ከበሩ ሳይነቃነቅ «የለም» ካለ ሰውዬው እዚያ እንደማይኖር፣ ገብቶ ቆይቶ ወጥቶ «የለም» ካለ ግን እንደሚኖር ጠያቂው ይገባዋል።

ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። አፑ የብድር ከሆነ ማን ብድር ፈላጊ እንደሆነ፣ የጤና ከሆነ ማን ታካሚ እንደሆነ ይታወቃል። እኛ አገር ደግሞ ብዙ አገልግሎቶች የተጠቃሚ ስም አድርገው የሚይዙት ስልክ ቁጥርን ነው፤ 09 ወይም 07 ብሎ ከኋላው ስምንት አሃዝ። ለማሽን ይህን እያከታተሉ መሞከር ቀላል ሥራ ነው። አካውንቱ እንዳለ ያወቀ አጭበርባሪም ቀጥሎ ለማን እንደሚደውል፣ ከየትኛው ድርጅት ነኝ እንደሚል ያውቃል።

የሚያስቆጨው ነገር ልጁ የተቀረውን ሥራ ሁሉ የሠራበት ፍሬምወርክ (የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ)፣ ጃንጎ፣ ለዚህ ችግር መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። ልጁ መግቢያውን ከባዶ የጻፈው ሰዎች በዩዘርኔም ፈንታ በስልክ ቁጥር እንዲገቡ ስለፈለገ ብቻ ነው። በጃንጎ የራስን የተጠቃሚ ሞዴል ሠርቶ መለያው ስልክ ቁጥር መሆኑን ለመንገር አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

የጃንጎን ኮድ ለሚያነብ ሰው ተጠቃሚውን የሚያረጋግጠው ክፍል አጭር ነው። ስሙ ከተገኘ ይለፍ ቃሉ ይመሳከራል። ስሙ ካልተገኘ ደግሞ ለማንም ያልሆነ ባዶ ተጠቃሚ ተፈጥሮ የተላከው ይለፍ ቃል በእሱ ላይ ይሰላና ውጤቱ ይጣላል። የሚጣል ስሌት ለምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ይህች መስመር ትርፍ ትመስላለች። ከበላይዋ ያለው ማስታወሻ ግን በተመዘገበና ባልተመዘገበ ተጠቃሚ መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት ለመቀነስ እንደተጻፈች ይናገራል፤ ችግሩ ሪፖርት የተደረገበትን ቁጥርም ይጠቅሳል፦ 20760። እንዲያም ሆኖ ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐምሌ ወር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጃንጎ ሌላ እርማት አወጣ። አካውንት ኖሯቸው መጠቀም የሚቻል ይለፍ ቃል የሌላቸው፣ ለምሳሌ በሌላ ድርጅት አካውንት በኩል ብቻ የሚገቡ ተጠቃሚዎች፣ አሁንም በጊዜ ልዩነት ይለዩ ነበር። በብዙ ሰው የተነበበና ለዓመታት የተፈተነ ኮድ ይህን ያህል ካመለጠው፣ በአንድ ከሰዓት የሚጻፍ መግቢያ ምን ያህል ሊያመልጠው እንደሚችል መገመት ይቻላል።

ስሌቱ ለምን እንደሚዘገይ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤምአይቲ ብዙ ሰው አንድ ኮምፒውተር እንዲጋራ የሚያስችለው ሲቲኤስኤስ የተባለው ሥርዓት በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት ሲሠራ፣ የአንዱ ፋይል ከሌላው እንዲለይ ለእያንዳንዱ ሰው ይለፍ ቃል ተሰጠው። ይለፍ ቃሎቹ በአንድ ፋይል ውስጥ እንዳሉ ተጽፈው ተቀመጡ። በ1962 አለን ሸር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት የኮምፒውተር ሰዓት ስላልበቃው ያንን ፋይል አሳትሞ ወሰደና በሌሎች ሰዎች ይለፍ ቃል መሥራቱን ቀጠለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ሁለት ፋይሎች ተቀያይረው፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚገባ ሰው ሁሉ የዕለቱን መልእክት ሊያነብ ሲጠብቅ የሁሉም ሰው ይለፍ ቃል ተርሚናሉ ላይ ተዘረገፈለት።

መፍትሔው በ1979 ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን ዩኒክስ ላይ ስለሠሩት ሥራ ባሳተሙት ጽሑፍ ተብራራ። ይለፍ ቃሉን ራሱን አታስቀምጥ፤ ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል ስሌት አሳልፈህ ውጤቱን ብቻ አስቀምጥ። ከስሌቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የዘፈቀደ ቁጥር ጨምርበት፤ ይህ ነው ሶልት የሚባለው፤ አንድ ዓይነት ይለፍ ቃል ያላቸው ሁለት ሰዎች እንዳይመሳሰሉ ያደርጋል። ስሌቱም ቀርፋፋ ይሁን፤ ፋይሉን የሰረቀ ሰው እየገመተ ሲሞክር እያንዳንዱ ግምት ጊዜ እንዲያስከፍለው። ይህ ሁሉ በታተመ በ30 ዓመቱ፣ በ2009፣ ሮክዩ የተባለው ድርጅት ዳታቤዙ ሲሰረቅ ከ32 ሚሊዮን በላይ ይለፍ ቃሎች እንዳሉ ተጽፈው ተገኙ። በ2012 ከሊንክድኢን ተሰርቀው አደባባይ የወጡት 6.5 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ በስሌት ያለፉ ቢሆኑም ሶልት አልነበራቸውም፤ ስሌቱም ፈጣን ነበር። እውቀቱ በዓለም ላይ ነበረ። ሁሉም በየቤቱ የራሱን መግቢያ ሲጽፍ ግን እውቀቱ ኮዱ ውስጥ አይገባም።

ጃንጎ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጠውን ቃል ቀረብ ብሎ ላየው በዶላር ምልክት የተለያዩ አራት ክፍሎች አሉት፦ የስሌቱ ስም፣ ስሌቱ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ፣ ሶልቱ፣ በመጨረሻም ውጤቱ። እኔ ይህን አሠራር የምወደው በሁለተኛው ክፍል ምክንያት ነው። በ2012 በወጣው 1.4 እትም ድግግሞሹ 10,000 ነበር። በ2.0 እትም 100,000 ሆነ። በ2025 በወጣው 5.2 እትም 1,000,000 ደርሷል። ኮምፒውተር በፈጠነ ቁጥር ገማቹም ስለሚፈጥን በየእትሙ ይጨመራል። ታዲያ ከዓመታት በፊት የተመዘገበው ሰው ምን ይሆናል? የተቀመጠው ቃል ወደ ኋላ ስለማይመለስ ፍሬምወርኩ በራሱ ሊያድሰው አይችልም። ሰውዬው ተመልሶ መጥቶ ይለፍ ቃሉን በትክክል ሲያስገባ ግን ለአንዲት ቅጽበት እውነተኛው ቃል ሰርቨሩ እጅ ላይ ነው። ጃንጎ በዚያች ቅጽበት በአዲሱ ድግግሞሽ አስልቶ አሮጌውን ይተካዋል። ተጠቃሚው ምንም አያይም፤ ገጹ እንደወትሮው ይከፈትለታል።

ዝግታው ግን ሁለት ስለት አለው። በ2013 መስከረም ወር ሌላ ነገር ተነገረ። ጃንጎ ለይለፍ ቃል የርዝመት ገደብ አልነበረውም። አንድ ሰው አንድ ሜጋባይት የሚያህል ጽሑፍ ይለፍ ቃል ብሎ ቢልክ ሰርቨሩ እሱን ለማስላት አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ደጋግሞ የሚልክ ሰው ማንንም ሳያስገባ ሰርቨሩን አንቆ ይይዛል። መጀመሪያ የ4,096 ባይት ገደብ ተደረገ፤ ቀጥሎ ስሌቱ ራሱ ተሻሽሎ ርዝመቱ ጉዳት የማያመጣ ሆነ። ቀርፋፋ ስሌት ትክክለኛው ምርጫ ነው ብሎ የሚጀምር ሰው፣ ቀርፋፋነቱ ከየት በኩል እንደሚመታው ቀድሞ አይታየውም። የጃንጎ ሠሪዎችም አልታያቸውም ነበር።

መግቢያው የጃንጎ አካል የሆነው ከመነሻው ነው፤ ጃንጎ የተወለደው በጋዜጣ ቤት ነው። በ2003 አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ በምትባል ከተማ ለሚታተመው ሎረንስ ጆርናል-ዎርልድ ድረ ገጾች ይሠሩ ነበር። የጋዜጣ ሥራ በሰዓት የተያዘ ስለሆነ የሚደጋገመውን ሁሉ አንድ ጊዜ ጽፈው በየሥራው መልሰው መጠቀም ጀመሩ። በ2005 ለሕዝብ ሲለቀቅ ስሙ ከጊታር ተጫዋቹ ጃንጎ ራይንሃርት ተወሰደ። ጋዜጠኞች ገብተው የሚጽፉበት የአስተዳደር ገጽ አብሮት ስለመጣ፣ ሰው ማስገባትና ማስወጣት ከሌላው ሥራ ጋር የተዋሃደ ነው።

ወደ ፎርሙ እንመለስ። ሁለቱ ሳጥኖችና «ግባ» የሚለው ቁልፍ ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ ከሥራቸው ግን የማይታይ ሦስተኛ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ረጅም የዘፈቀደ ቃል ይዟል። ቶከን ይባላል። ፎርሙ ሲላክ ይህ ቃል ድረ ገጹ ብራውዘሩ ላይ ካስቀመጠው ጋር ካልተጣጣመ ጃንጎ ስሙንም ይለፍ ቃሉንም ሳያይ ይመልሰዋል። ዓላማው ሌላ ድረ ገጽ በአንተ ብራውዘር በኩል፣ አንተ ሳታውቅ፣ ፎርም እንዳይልክ ነው። ብዙ ፕሮግራመሮች ለገንዘብ ማስተላለፊያ ገጽ ይህ እንደሚያስፈልግ ይገባቸዋል፤ ለመግቢያ ገጽ ግን ለምን ይላሉ። ገና ያልገባ ሰው ምን ይሰረቅበታል?

መልሱን አዳም ባርት፣ ኮሊን ጃክሰንና ጆን ሚቸል በ2008 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። አጥቂው በራሱ ስምና በራሱ ይለፍ ቃል የተሞላ ፎርም በአንተ ብራውዘር በኩል ይልካል። አንተ ሳታውቀው በእሱ አካውንት ውስጥ ገብተሃል። ከዚያ በኋላ የምትፈልገው፣ የምትጽፈው፣ የምትመዘግበው የባንክ ካርድ ሁሉ በእሱ አካውንት ውስጥ ይቀመጣል፤ እሱም ማታ ገብቶ ያነበዋል። የልጁ ገጽ ላይ ይህ ቶከን አልነበረም። ከሞባይል አፑ ጥያቄ ሲልክ ስህተት ስላመጣበት አጥፍቶት ነበር። ይህን ያህል የሚደጋገም ስህተት የለም፤ «ቶከኑ አስቸገረኝ» የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጥፋት ነው።

ይለፍ ቃሉ ትክክል ከሆነስ? አንባቢው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው ክፍል ገና መጀመሩ ነው። ድር በተፈጥሮው የሚረሳ ነው፤ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ አዲስ ሰው ጥያቄ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ የገባ ሰው ማን እንደሆነ የሚያስታውስ ምልክት ለብራውዘሩ ይሰጠዋል፤ ኩኪ። በ1994 በኔትስኬፕ ሉ ሞንቱሊ የፈጠረው ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይለፍ ቃሉ ቦታውን ለኩኪው ይለቃል፤ ኩኪውን የያዘ ሰው አካውንቱን ያዘ ማለት ነው። በ2010 ፋየርሺፕ የተባለ የፋየርፎክስ ተጨማሪ ይህን ለሁሉም ሰው አሳየ። በአንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው፣ ያልተመሰጠረ ኩኪ የሚልኩ ድረ ገጾችን የሚጠቀሙ ጎረቤቶቹን ስም ዝርዝር ያያል፤ አንዱን ሲጫን በዚያ ሰው ስም ይገባል። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተመሰጠረ መሆኑ ከእንዲህ ዓይነቱ ድንጋጤ በኋላ የመጣ ነው።

ጃንጎ ሰው ሲገባ ሴሽኑን፣ ማለትም ኩኪው የሚያስታውሰውን የመግባት ቆይታ፣ የሚለየውን ቁልፍ ይቀይራል። ከመግባቱ በፊት የነበረው ቁልፍ ይሻራል፤ አንድ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ቁልፍ በአንተ ብራውዘር ላይ ተክሎ እስክትገባ ቢጠብቅ ባዶ እጁን ይቀራል። ቶከኑም አብሮ ይታደሳል። ይለፍ ቃልህን ስትቀይር ደግሞ በሌሎች መሣሪያዎች ላይ የተከፈተው ሴሽን ሁሉ ይዘጋል።

ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ላደገ ትውልድ አንድ ነገር ልጨምር። ጃንጎ ካልተነገረው በቀር ሴሽኑን ለ2 ሳምንት ያቆያል። በግል ስልክ ላይ ይህ ምቾት ነው፤ ሰው ሁሉ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ግን አካውንትን ክፍት ጥሎ መሄድ ነው። ብራውዘሩ ሲዘጋ ሴሽኑም እንዲዘጋ ማድረግ በአንድ መስመር ይቻላል፤ አገልግሎቱ በጋራ ኮምፒውተር የሚከፈት ከሆነ ይህን አለማድረግ ተጠቃሚውን መበደል ነው።

ገብቶ ያበቃ ሰው ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ወደ መግቢያው የመጣው ሌላ ገጽ ሊከፍት ሲል «መጀመሪያ ግባ» ተብሎ ነው፤ የሚሄድበት አድራሻም በሊንኩ ጭራ ላይ ተጽፎ ይከተለዋል። ይህን አድራሻ ሳይመረምር የሚከተል ኮድ፣ አንድ አጭበርባሪ በእውነተኛው ድረ ገጽ በኩል ወደ ሐሰተኛው እንዲያሻግር በር ይከፍትለታል። ተጠቃሚው የሚያየው ሊንክ የታመነው ድርጅት ስም ያለበት ነው፤ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚያርፈው ግን «ይለፍ ቃልዎ ተሳስቷል፣ እንደገና ያስገቡ» በሚል ሐሰተኛ ገጽ ላይ ነው። ጃንጎ አድራሻው የራሱ ድረ ገጽ መሆኑን አጣርቶ ነው የሚልከው። ይህ ማጣሪያ ራሱ ተደጋግሞ ታርሟል፤ በተደራረበ እዝባርና በተገለበጠ እዝባር ብራውዘርን ማሳሳት ስለሚቻል።

በመካከል ስህተት ቢፈጠርስ? ብዙ ፕሮግራመሮች ስህተት ሲደርስ የተላከው ፎርም እንዳለ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ያደርጋሉ፤ ችግሩን ለማግኘት ይረዳቸዋል። ትዊተር በ2018 ግንቦት ወር የተጠቃሚዎች ይለፍ ቃል ከስሌት በፊት በውስጥ መዝገብ ላይ ሲጻፍ እንደነበረ አውቆ 330 ሚሊዮን ተጠቃሚዎቹን ቀይሩ ብሎ መከረ። የጃንጎ መግቢያ ገጽ ይለፍ ቃል በስህተት ሪፖርት ውስጥ በኮከብ ተሸፍኖ እንዲወጣ ከመጀመሪያው ምልክት ተደርጎበታል።

እስካሁን ፍሬምወርኩን ሳወድስ ቆየሁ። የማይሠራው ነገርም አለ፤ እሱ ደግሞ የእኛው ሥራ ነው። የሰዎች አጻጻፍ አንዱ ነው። አንዱ ቁጥሩን በ09 ጀምሮ ያስገባል፣ ሌላው በ+2519፣ ሌላው ያለ ዜሮው በ9 ይጀምራል። ለሰውየው አንድ ቁጥር ነው፤ ለዳታቤዙ ሦስት። ከመፈለጉ በፊትም ከመመዝገቡ በፊትም ወደ አንድ ቅርጽ መመለስ አለበት፤ የቡድኑ መሪ ከልጁ ኮድ ውስጥ ሳትነካ የተወችው ይህን የሚሠራውን ክፍል ብቻ ነው። ዩዘርኔም በፊደላችን ለሚፈቅድ አገልግሎት ነገሩ ይጠልቃል። ጃንጎ የኢትዮጵያን ፊደላት ያለ ችግር ይቀበላል፤ መልካቸው የተለያየ አቻ ቁምፊዎችንም በዩኒኮድ ሕግ ወደ አንድ ያመጣል። ያ ሕግ ግን ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ስለ ጸ እና ፀ የሚያውቀው ነገር የለም። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይመዘገባሉ። ባለቤቷ ራሷ በሌላኛው ፀ ጽፋ መግባት ሲያቅታት፣ አስመሳይ ደግሞ በሦስተኛው ስሟን ይይዘዋል። ለማመሳከሪያ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተመለሱበት ሌላ ዓምድ ዳታቤዙ ላይ መጨመርና እሱ እንዳይደገም ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሚታየው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆያል።

ሁለተኛው የሙከራ ገደብ ነው። ጃንጎ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ተሳስቶ መሞከር እንደሚችል አይገድብም፤ ሰነዱም ይህን በግልጽ ይናገራል፤ እንደ ጃንጎ-አክሰስ ያሉ ተጨማሪዎች ናቸው የሚሠሩት። ልጁ ሊያደርግ ያሰበው ከአንድ አይፒ አድራሻ አምስት ስህተት ከመጣ አድራሻውን መዝጋት ነበር። በሞባይል ኔትወርክ ግን እጅግ ብዙ ደንበኛ በአንድ የአደባባይ አድራሻ ሥር ሊወጣ ይችላል፤ አንዱ ሲሳሳት ሌሎቹ ይዘጋባቸዋል። በአካውንት ብቻ መቆለፍም የባሰ ነው፤ ቁጥርህን የሚያውቅ ሁሉ እየተሳሳተ ሊያስቆልፍብህ ይችላል። ስህተቱን በአካውንትና በአድራሻ ጥምር መቁጠር፣ ወዲያው ከመቆለፍም የመጠበቂያ ጊዜውን ከ30 ሰከንድ ጀምሮ በየስህተቱ እያራዘሙ መሄድ ይሻላል። ጥምሩ ብቻውን ግን አድራሻ እየቀያየረ የሚገምተውን አያቆመውም። ለአካውንቱም ከፍ ያለ የራሱ ጣሪያ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት ለአንድ አካውንት የሚፈቅደው ተከታታይ ስህተት ከ100 አይበልጥም። ያ ጣሪያ ሲሞላ ባለቤቱ ቀድሞ በስልኩ ላይ ገብቶ ከነበረ ሴሽኑ አይነካም፤ አዲስ የመግባት ሙከራ ብቻ ነው የሚታገደው።